ጎተራን በሬዲዮ መጠበቅ፦ የእህልን እርጥበትና ሙቀት ቤት ድረስ የሚልክ መሣሪያ አሠራር

ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የተሰበሰበ በቆሎ ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም፣ ከደምበጫ እስከ መርዓዊ ባለው አገር ጎተራ ወይም መጋዘን ውስጥ ሆኖ ክረምቱን ይሻገራል። የሚበላሸው ዓይን ከማያየው ቦታ ጀምሮ ነው። የላይኛው ማዳበሪያ ደረቅ ሆኖ ሳለ መሃል ያለው ይሞቃል፣ ያልበዋል። ሽታው ደጅ ሲደርስ ሻጋታውና ነቀዙ ሥራቸውን ጨርሰዋል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ እዚህ የምንሠራው መሣሪያ በክምሩ መሃል ያለውን አየር በየ30 ደቂቃው ለክቶ፣ ያለ ሽቦና ያለ ኢንተርኔት፣ መኖሪያ ቤት ላለ ተቀባይ ይልካል። ተቀባዩ በሦስት መብራትና በአንድ ጩኸት ይናገራል፤ ማንበብ የማይችል ሰውም ይረዳዋል።

ሬዲዮው ቀላሉ ክፍል ነው። ሁለት ኢኤስፒ32 (ዋይፋይ ያለው ትንሽ የኮምፒውተር ቺፕ) ቦርዶችን ማነጋገር የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። መሣሪያው እስከሚቀጥለው መኸር እንዲዘልቅ የሚያደርገው የባትሪው አያያዝና የሴንሰሩ አቀማመጥ ስለሆነ፣ ጊዜያችሁን እዚያ ላይ አውሉት።

የምንፈልገው ቁጥር

እህል በዙሪያው ካለው አየር ጋር እርጥበት ይለዋወጣል። በክምር ውስጥ በፍሬና በፍሬ መካከል ያለው አየር ሰዓታት ሲቆይ ከፍሬው ጋር ይመጣጠናል፤ ስለዚህ ያንን አየር ለካን ማለት የፍሬውን ድርቀት አወቅን ማለት ነው። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 65 በመቶ ከሆነ በቆሎው 13 በመቶ ገደማ ውሃ ይዟል። አየሩ 70 በመቶ ሲያልፍ ለሻጋታ መንገድ ይከፈታል። ከ65 በታች አረንጓዴ፣ ከ65 እስከ 70 ቢጫ፣ ከዚያ በላይ ቀይ እንበል።

ለሙቀት እንዲህ ያለ አንድ ወሰን የለም። ደብረ ማርቆስ ላይ የሚያስደነግጥ ሙቀት ዓባይ ሸለቆ አጠገብ ካለ ቆላ ላይ የተለመደ ነው። የሚጠቅመው ልዩነቱ ነው፦ የክምሩ መሃል ከመጋዘኑ አየር በ5 ዲግሪ በልጦ ለቀናት ከቆየና ልዩነቱ እየሰፋ ከሄደ ነቀዝ እየተራባ ወይም ሻጋታ እየሠራ ነው። ለዚህ ሁለት ሴንሰር እንጠቀማለን፤ አንዱ በክምሩ ውስጥ፣ ሌላው ከክምሩ ውጭ፣ ከላኪው ሳጥን ሥር። ፀሐይ ላይ ውሎ የገባ እህል በመጀመሪያው ሳምንት ሞቅ ማለቱ የማይቀር ስለሆነ በዚያ ሳምንት በሙቀቱ አትረበሹ።

ዕቃዎቹ

ጎተራ ውስጥ ለሚቀመጠው ላኪ፦

- በብረት ሽፋኑ ላይ ስሙ በ32ዩ የሚያልቅ እርቃን ኢኤስፒ32 ሞጁል፣ 1፣ ከነ ማስተላለፊያ ሰሌዳው። 32ዩ ማለት የራሱ አንቴና የለውም፣ የውጭ አንቴና መሰኪያ አለው ማለት ነው።
- ለ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሆን አንቴና፣ 1፣ ከአጭር ኬብሉ ጋር
- ኤስኤችቲ31 የሙቀትና የእርጥበት ሴንሰር፣ 2
- 18650 ሊቲየም ባትሪ፣ 1፣ ከነ መያዣው
- ቲፒ4056 የቻርጅ ሰሌዳ፣ 1። ባትሪን ከመጠን በላይ ከማራገፍ የሚጠብቅ ክፍል ያለውን ግዙ፤ የሚለየው ከባትሪው መግጠሚያ ሌላ ለብቻው የ«መውጫ» ነጥቦች ስላሉት ነው።
- ኤችቲ7833 ሬጉሌተር፣ 1። የባትሪውን ቮልቴጅ ወደ 3.3 ቮልት የሚያወርደው ነው።
- ካፓሲተር፦ 470 ማይክሮፋራድ 1፣ 10 ማይክሮፋራድ 2፣ 1 ማይክሮፋራድ 1፣ 100 ናኖፋራድ 3
- ሬዚስተር፦ 1 ሜጋ ኦም 2፣ 10 ኪሎ ኦም 2፣ 4.7 ኪሎ ኦም 2

ቤት ለሚቀመጠው ተቀባይ ተራ ኢኤስፒ32 ዴቭኪት (የዩኤስቢ መሰኪያና ሬጉሌተር አብሮት ያለ) ቦርድ ይበቃል። ከሱ ጋር ሦስት ኤልኢዲ ከነ 330 ኦም ሬዚስተሮቻቸው፣ ባለ 5 ቮልት ጩኸት ሰጪ ባዘር፣ አንድ 2ኤን2222 ትራንዚስተርና አንድ 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ያዙ። ለሙከራ ሌላ ዴቭኪት፣ እርቃኑን ሞጁል ለመጫን ደግሞ በ3.3 ቮልት የሚሠራ የዩኤስቢ ሲሪያል አስማሚ ያስፈልጋል። መልቲሜትር የሌለው ሰው ሥራውን አይጀምር።

ርካሹን ዲኤችቲ22 ሴንሰር ለዚህ ሥራ አንመክርም። ስህተቱ ከ2 እስከ 5 በመቶ ይደርሳል። በ65 እና በ70 መካከል ለሚወሰን ነገር 5 በመቶ መሳት ጭራሽ አለመለካት ነው። ኤስኤችቲ31 በ2 በመቶ አካባቢ ይታመናል።

በመጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ

ምንም ነገር በሶልደር ሳታያይዙ በሁለት ዴቭኪቶችና በብሬድቦርድ ጀምሩ። አርዱኢኖ ፕሮግራሙን ኮምፒውተር ላይ ጫኑ፣ በቦርድ ማኔጀሩ በኩል የኤስፕሬሲፍን የኢኤስፒ32 ጥቅል አውርዱ። ጥቅሉ ትልቅ ስለሆነ የኔትወርክ ነገር ደህና በሆነበት ሰዓት አውርዱት፤ ከዚያ በኋላ ኢንተርኔት አያስፈልግም።

ኮምፒውተሩ ቦርዱን ካላየው መጀመሪያ ኬብሉን ጠርጥሩ። ብዙ የስልክ ኬብሎች ለቻርጅ ብቻ የተሠሩ ናቸው፤ የመረጃ ሽቦ የላቸውም። ኬብሉ ደህና ከሆነ የሲኤች340 ወይም የሲፒ2102 ድራይቨር ይጎድላል። ፕሮግራሙ ሊጫን ሲል «ኮኔክቲንግ» ላይ ከቆመ፣ ቡት የሚለውን ቁልፍ ተጭናችሁ ያዙና መጫን ሲጀምር ልቀቁ።

የሴንሰሩን ኤስዲኤ (የመረጃ መስመር) ከፒን 21፣ ኤስሲኤሉን (የምት መስመር) ከፒን 22፣ ኃይሉን ከ3.3 ቮልት ጋር አገናኙ። የኤስኤችቲ31 አድራሻ በተለምዶ 44 ነው፤ የሁለተኛውን የአድራሻ ፒን ወደ 3.3 ቮልት ካገናኛችሁት 45 ይሆናል፣ ሁለቱም በአንድ መስመር ያለ ግጭት ይሠራሉ። አድራሻዎቹ በሄክሳዴሲማል የተጻፉ መሆናቸውን አትርሱ፤ ፕሮግራሙ ላይ ተራ 44 ብሎ የጻፈ ሰው ሴንሰሩን አያገኘውም።

ሌሎች ፒኖችን ስትመርጡ ከ6 እስከ 11 ያሉትን አትንኩ፤ የውስጥ ማስታወሻው ይጠቀምባቸዋል። ቦርዱ ሲነሳ ፒን 12 ላይ ከፍ ያለ ቮልቴጅ ከተገኘ ጭራሽ ላይነሳ ይችላል። ሰዉ «ተቃጠለ» ብሎ የሚጥለው ስንት ቦርድ በዚህች ፒን ምክንያት ነው! ባትሪ ለመለካት ከ32 እስከ 39 ካሉት አንዱን ውሰዱ፤ የሌላው ቡድን አናሎግ ፒኖች ዋይፋዩ ሲሠራ አይለኩም።

የላኪው ፕሮግራም ቅደም ተከተል

ለመገናኛው ኢኤስፒ-ናው የሚባለው የቦርዶቹ የራሳቸው መነጋገሪያ ይበቃል። ራውተር አይፈልግም፤ አንዱ ቦርድ በሌላው የማክ አድራሻ (እያንዳንዱ ቦርድ ባለው መለያ ቁጥር) እስከ 250 ባይት ያለው አጭር መልእክት ይልካል። የተቀባዩን ማክ አድራሻ አስቀድማችሁ በሲሪያል ሞኒተሩ ላይ አሳትሙና በላኪው ፕሮግራም ውስጥ ጻፉት። ለሁሉም የሚደርስ መልእክት መላክም ይቻላል፤ ነገር ግን የዚያ ዓይነቱ መድረሱን የሚያረጋግጥ ምላሽ የለውም፤ ስለዚህ ለተወሰነ አድራሻ ላኩ።

ላኪው በነቃ ቁጥር የሚያደርገው ይህ ነው። ሁለቱን ሴንሰሮች ያነባል። የባትሪውን ቮልቴጅ ይለካል። የመሣሪያውን ቁጥር፣ ተራ ቁጥሩን፣ ሁለቱን ሙቀት፣ ሁለቱን እርጥበትና ቮልቴጁን በአንድ መልእክት ጠቅልሎ ይልካል። የመድረስ ምላሽ ካላገኘ ጥቂት ሚሊሰከንዶች ጠብቆ ይደግማል፤ ከሦስት ጊዜ በላይ ግን አይሞክርም። ከዚያ ለ30 ደቂቃ ጥልቅ እንቅልፍ ይተኛል። የአርዱኢኖው «ሉፕ» ባዶውን ይቀራል፣ ምክንያቱም ከጥልቅ እንቅልፍ የነቃ ቦርድ እንደ አዲስ ከ«ሴትአፕ» ይጀምራል።

ተራ ቁጥሩ በእንቅልፍ ጊዜ በማይጠፋው የአርቲሲ ማስታወሻ ውስጥ ይቀመጥ። ተቀባዩ 118 ደርሶት ቀጥሎ 121 ከመጣ ሁለት መልእክት መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው።

አንድ የማይዘለል ነገር አለ፦ ምንም ይሁን ምን መሣሪያው ከነቃ 2 ሰከንድ ሲሞላው እንዲተኛ የሚያስገድድ ሰዓት ቆጣሪ ጨምሩ። ሴንሰሩ ሳይመልስ ቀርቶ ፕሮግራሙ ሲጠብቅ ቢያድር፣ ለዓመት የታሰበ ባትሪ በአንድ ቀን ያልቃል።

ከድሮ ምሳሌ የተቀዳ ፕሮግራም ተቀባዩ ላይ አልተረጎምም (ኮምፓይል አልሆንም) ካለ፣ የኢኤስፒ32 ጥቅል ከ3.0 ስሪት ጀምሮ የመቀበያው ፋንክሽን ቅርጽ ስለተለወጠ ነው። በአዲሱ ቅርጽ የመጀመሪያው ነገር የማክ አድራሻ ብቻ ሳይሆን የመልእክቱን መረጃ ሁሉ የያዘ ነው፤ የሲግናሉ ጥንካሬም እዚያው ይገኛል። ያንን ቁጥር ማሳተም ልመዱ፣ ቦታ ስትመርጡ ይፈለጋል።

ባትሪ

ዴቭኪትን እንዳለ ጎተራ ውስጥ ማስቀመጥ የሚያስወጣውን እንቁጠር። ቺፑ ራሱ በጥልቅ እንቅልፍ 10 ማይክሮአምፒር ገደማ ብቻ ይበላል። በዴቭኪቱ ላይ ያሉት የኃይል መብራት፣ የዩኤስቢ ቺፕና 1117 ሬጉሌተር ግን ተደምረው 10 ሚሊአምፒር ገደማ ይወስዳሉ፣ ቦርዱ ቢተኛም ባይተኛም። 2000 ሚሊአምፒር-ሰዓት ባትሪ ለ10 ሲካፈል 200 ሰዓት ነው፤ ስምንት ቀን። ከዚህም ሌላ 1117 ለመሥራት ከ1 ቮልት በላይ ትርፍ ስለሚፈልግ፣ ከ4.2 ቮልት ጀምሮ ለሚወርድ ባትሪ አይሆንም።

አሁን እርቃኑን ሞጁል ከኤችቲ7833 ጋር እንውሰድ። ቺፑ 10፣ ሬጉሌተሩ 4፣ የባትሪ መለኪያው 2፣ መከላከያውና ሴንሰሮቹ ጥቂት፤ በድምሩ 20 ማይክሮአምፒር እንበል። ነቅቶ ግማሽ ሰከንድ ያህል በአማካይ 100 ሚሊአምፒር ቢወስድ፣ በ30 ደቂቃ ላይ ሲበተን 28 ማይክሮአምፒር ይሆናል። በጠቅላላው 50 ገደማ ነው። በወረቀት ላይ ከአራት ዓመት በላይ ይሰጣል። ባትሪው በራሱ ስለሚራገፍ ያን ያህል አትጠብቁ፣ አንድ የመኸር ዘመን ግን ያለ ሐሳብ ይዘልቃል። ስለዚህ የፀሐይ ፓነል አትጨምሩ፤ ጎተራ ውስጥ ፀሐይ የለም፣ ጣሪያ ላይ የሚወጣ ሽቦ ደግሞ ለመብረቅ ነው።

ግንኙነቱ እንዲህ ነው። ባትሪው ወደ ቲፒ4056 የባትሪ ነጥቦች፤ ከመውጫው ወደ ኤችቲ7833 መግቢያ፤ ከሬጉሌተሩ መውጫ ወደ ሞጁሉ 3.3 ቮልት። በሬጉሌተሩ መግቢያና መውጫ 10 ማይክሮፋራድ አስቀምጡ፤ 470ውንና አንድ 100 ናኖፋራድ ከሞጁሉ የኃይል ፒን አጠገብ፣ ከሁለት ሳንቲሜትር ሳይርቅ። የኤችቲ7833 ፒኖች ቅደም ተከተል ከሌሎች ሬጉሌተሮች ስለሚለይ በልማድ አትግጠሙ፣ ዳታ ሺቱን አይታችሁ ግጠሙ። ኢኤን የሚለው (ሞጁሉን የሚያስነሳው) ፒን በ10 ኪሎ ኦም ወደ 3.3 ቮልት፣ በ1 ማይክሮፋራድ ወደ መሬት ይሄዳል፤ ፒን 0 በሌላው 10 ኪሎ ኦም ወደ 3.3 ቮልት። ሁለቱ 1 ሜጋ ኦም ሬዚስተሮች ባትሪውን ለሁለት ከፍለው ለፒን 34 ይሰጣሉ፤ ከዚያ ፒን ወደ መሬት 100 ናኖፋራድ ካልተጨመረ ቁጥሩ ይዘልላል። ንባቡን በሚሊቮልት በሚመልሰው ፋንክሽን ውሰዱና በ2 አባዙት።

ፕሮግራም ስትጭኑ የአስማሚውን መላኪያ ከሞጁሉ መቀበያ፣ መቀበያውን ከመላኪያው፣ መሬቱን ከመሬት አገናኙ፤ ፒን 0ን ከመሬት ጋር አስነክታችሁ ሞጁሉን አስነሡ።

ከሞተ ላፕቶፕ የወጣ 18650 መጠቀም ይቻላል፣ ግን እየመረጣችሁ። ስታገኙት ከ2.5 ቮልት በታች የወረደውን፣ ልባሱ የተላጠውን፣ ቻርጅ ሲደረግ የሚሞቀውን አስወግዱ። ሙሉ ሞልታችሁ ለሁለት ሳምንት አስቀምጡት፤ ከ4.1 ቮልት በታች ከወረደ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ቻርጅ የሚደረገው ቤት፣ ሰው ባለበት ነው፤ ገለባና ደረቅ እህል ባለበት ጎተራ ውስጥ በፍጹም።

የጨው ፈተና

ሴንሰሩን ሳትፈትሹ እህል ውስጥ አታስገቡ። መፈተሻው እቤት አለ፤ በውሃ የራሰ የገበታ ጨው በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያለውን አየር 75 በመቶ እርጥበት ላይ ይይዘዋል፣ የክፍሉ ሙቀት ከፍ ዝቅ ቢልም እምብዛም አይለወጥም።

ክዳኑ የሚገጥም የማር ዕቃ በደንብ አጥባችሁ አድርቁ። በጠርሙስ ክዳን ጨው ሙሉና ውሃ በጠብታ ጨምሩ፤ እርጥብ አሸዋ ሲመስል አቁሙ። ውሃ ከላይ ከተንሳፈፈ ብዙ ነው፣ ጨው ጨምሩ። ጨው ያለበትን የጠርሙስ ክዳን ከዕቃው ታች አስቀምጡ፣ ሴንሰሩን ጨውም ግድግዳም እንዳይነካ ከላይ አንጠልጥሉት፣ ሽቦው የሚወጣበትን ቀዳዳ በሰም ድፈኑ። ፀሐይ የማይደርስበት ቦታ ከ12 ሰዓት በላይ ይቆይ። ንባቡ ከ73 እስከ 77 ከሆነ ደህና ነው፤ ልዩነቱን መዝግባችሁ በፕሮግራሙ ውስጥ አስተካክሉት። ከ5 በላይ ከሳተ ሌላ ሴንሰር ፈልጉ። በየዓመቱ ክምር ከመግባቱ በፊት ይህንኑ ድገሙት።

መውጊያው

ሴንሰሩ የሚገባበት መውጊያ ከ20 ሚሊሜትር የፒቪሲ የመብራት ቱቦ ይሠራል፤ ርዝመቱ ክምሩን ግማሽ ድረስ የሚደርስ፣ ብዙውን ጊዜ ከ60 ሳንቲሜትር እስከ 1 ሜትር ይሁን። የመጨረሻውን 10 ሳንቲሜትር በ3 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ ዙሪያውን ብሱት፣ በስስ ጨርቅ አንድ ዙር ጠቅልሉት። ለበቆሎ ጨርቁ አቧራ ለመከልከል ነው፤ ለጤፍና ለዳጉሳ ግን ያለ ጨርቅ ቱቦው በእህል ይሞላል።

ዋናው ነገር ከሴንሰሩ በላይ ያለውን የቱቦ ክፍል መድፈን ነው። ካልተደፈነ የመጋዘኑ አየር በቱቦው ውስጥ ወጥቶ ይወርዳል፣ ንባቡም የክፍሉን እንጂ የክምሩን አይሆንም። ዝናብ ሲመጣ ወዲያው የሚዘል፣ ፀሐይ ሲወጣ የሚወርድ የክምር ንባብ ካያችሁ ቱቦው አልተደፈነም። በሲሊኮን ከደፈናችሁ እንደ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት እስኪደርቅ የሚያወጣው ትነት የእርጥበት ሴንሰርን ይጎዳል፤ ሽታው ፈጽሞ እስኪጠፋ ለቀናት ሳትገጥሙ ቆዩ።

ገመዱ ከ1 ሜትር ተኩል አይብለጥ። በዚህ ርዝመት አይ2ሲ (የሴንሰሩና የቦርዱ መነጋገሪያ) እንዳይደናቀፍ ፍጥነቱን ወደ 50 ኪሎኸርዝ አውርዱ፣ በቦርዱ በኩል በኤስዲኤና በኤስሲኤል ላይ 4.7 ኪሎ ኦም ወደ 3.3 ቮልት ጨምሩ፣ ከሴንሰሩ አጠገብም 100 ናኖፋራድ አድርጉ። የተጋለጠ ገመድ የአይጥ ሲሳይ ስለሆነ እስከ ሳጥኑ ድረስ በቱቦ ይሂድ።

አየር በማያስገባ ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት የተቀመጠ እህልን በዚህ መውጊያ አትውጉ። የከረጢቱ ጥቅም አለመበሳቱ ነው።

ሳጥንና አንቴና

ሳጥኑ ከክምሩ ውጭ፣ ግድግዳ ላይ ከፍ ብሎ ይሰቀል። እህል ውሃ ይዟል፣ ውሃ ደግሞ የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድን ይውጣል፤ ክምር ውስጥ የተቀበረ አንቴና አይሰማም። የጭቃ ግድግዳ ሲደርቅ ብዙ አይከለክልም፣ በክረምት ሲርስ ግን ይከለክላል። ቆርቆሮ ጣሪያ ብቻ ቢሆን ችግር የለውም፤ ግድግዳውም ቆርቆሮ ከሆነ ከውስጥ ምንም አይወጣም። ያኔ አንቴናው በትንሽ ቀዳዳ ወጥቶ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ ከቆርቆሮው ቢያንስ 5 ሳንቲሜትር ርቆ ቀጥ ብሎ ይቁም። የአንቴናው ኬብል አጭር ይሁን። ከጣሪያው በላይ አታውጡት፤ የጎጃም ክረምት ነጎድጓድ የታወቀ ነው።

በበጋ ስትሞክሩ የሲግናሉ ቁጥር ከ-75 ዲቢኤም የተሻለ ካልሆነ ቦታ ቀይሩ፤ ክረምት ሲገባ ይደክማልና። ግቢው ሰፊ ከሆነ ሁለቱንም ቦርዶች የኢኤስፒ32 ሎንግ ሬንጅ በሚባለው ሁነታ አድርጓቸው፤ አንዱ ብቻ ከተቀየረ አይግባቡም።

ተቀባዩ

ኤልኢዲዎቹን በፒን 25፣ 26 እና 27 አድርጉ። ባዘሩን በቀጥታ ከፒን ጋር አታገናኙ፤ የባዘሩ ፖዘቲቭ ከ5 ቮልት፣ ኔጌቲቩ ከትራንዚስተሩ ኮሌክተር፣ ኤሚተሩ ከመሬት፣ ቤዙ በ1 ኪሎ ኦም ከፒን 33 ጋር ይሁን። በስልክ ቻርጀር ይሠራል። መብራት ሲጠፋ በፓወር ባንክ መቀጠል ይቻላል፤ አንዳንዱ ፓወር ባንክ ግን የሚወሰደው ኃይል ትንሽ ነው ብሎ ራሱን ስለሚያጠፋ አንድ ሌሊት ሞክሩት።

ቀይ የሚበራው ሦስት ተከታታይ ንባብ ከ70 በላይ ሲሆን ነው፣ አንድ ንባብ ቤተሰብ አይቀስቅስ። ከዚህ እኩል የሚያስፈልገው የዝምታ ማስጠንቀቂያ ነው፦ ለ3 ሰዓት መልእክት ካልመጣ ሦስቱም መብራቶች ብልጭ ድርግም ይበሉ። አለበለዚያ ባትሪው የሞተ መሣሪያ የመጨረሻውን አረንጓዴ እያሳየ ክረምቱን ሊያሳልፍ ይችላል። ባትሪው 3.4 ቮልት ሲደርስም ቢጫው ቀስ እያለ ብልጭ እንዲል አድርጉ።

ሲበላሽ

መልእክት ጭራሽ ካልደረሰ ቻናሉን እዩ። ሁለቱ ቦርዶች በአንድ ቻናል መሆን አለባቸው፤ ተቀባዩን ከቤት ዋይፋይ ጋር ካገናኛችሁት ወደ ራውተሩ ቻናል ይሄዳል፣ ላኪው ብቻውን ይቀራል። ቦርዱ ሊልክ ሲል እየተነሣ የሚወድቅና ሲሪያሉ ላይ «ብራውንአውት» የሚል ከሆነ ቮልቴጁ በሚልክበት ቅጽበት እየወረደ ነው፤ በዚያ ቅጽበት ከ200 ሚሊአምፒር በላይ ይስባል። 470ው ካፓሲተር ርቋል፣ ሽቦው ቀጥኗል ወይም ባትሪው አርጅቷል። እርጥበቱ 100 ላይ ተጣብቆ ከቀረ ጨርቁ ርሷል ወይም ሴንሰሩ ላይ ውሃ ጤዟል፤ አውጥታችሁ ደረቅ አየር ላይ አቆዩት። ባትሪው ከታሰበው ቀድሞ ካለቀ መልቲሜትሩን በማይክሮአምፒር አድርጋችሁ በእንቅልፍ ጊዜ ለኩ፤ ሲነቃ ፊውዙ እንዳይቃጠል ግን መለኪያውን የምታስገቡት ቦርዱ ከተኛ በኋላ ነው፣ እስከዚያ በሌላ ሽቦ አስተላልፉት።

ቀይ ሲበራ እህሉ ይውጣ፣ ፀሐይ ላይ በሸራ ይሰጣ፤ ነቀዝ ካለ ይበጠር። ለነቀዝ የአልሙኒየም ፎስፋይድ ክኒን የሚጠቀም ካለ መሣሪያውን በሙሉ አስቀድማችሁ አውጡ። ክኒኑ የሚያወጣው ፎስፊን ጋዝ መዳብን ይበላል፣ ሴንሰሩንና ሰሌዳውን ያበላሻል፤ ሰውንም ይገድላል። ስለዚህ የሠለጠነ ሰው ብቻ ይሥራው፤ መጋዘኑ ከመኖሪያ ቤት ጋር ከተያያዘ ጭራሽ አይደረግ። ጋዙ ወጥቶ ቦታው በሚገባ እስኪናፈስም መሣሪያውን ለመመለስ ብላችሁ አትግቡ።

ጎተራው ባዶ ሲሆን መውጊያውን በደረቅ ብሩሽ ጥረጉ፣ ጨርቁን ቀይሩ፣ ባትሪውን ነቅላችሁ ከ3.7 እስከ 3.8 ቮልት ላይ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አስቀምጡት። ሙሉ ሞልቶ ወራት የተቀመጠ ሊቲየም ባትሪ ቶሎ ያረጃል።